ሳንቲም ሳንቲም ያለው ዓመት

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ይህ ጉሮሮ በጊዜው ገበያ ቀጥ ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ከመደቡ እስከ ጓዳው እንኳ አይሰማም። ስለዚህ በጽሑፍ አደረግሁት። ትምህርቴ ፊደል ከመለየት ብዙም አላለፈም፤ ቃል ብስት አቃኑልኝ። ነገሩን ግን አልስትም፣ ቆሜ አይቼዋለሁና።

የከተማይቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ “እኛ እዚያ ዘመድ የለንም” ብላችሁ ትተዉታላችሁ።

በዚያች ከተማ አዲስ ምግብም ሆነ አዲስ መጠጥ የሰው ሆድ ከመግባቱ በፊት በቅምሻ ቤት ያልፋል። ቅምሻ ቤቱ ኮረብታው ላይ ነው፤ በቀኝ የምላስ ክፍል፣ በግራ የእሳት ክፍል አለው። በምላስ ክፍል ይቀምሱታል። በእሳት ክፍል ያንኑ ነገር ያፈሉታል፣ ያጠሉታል፣ ይመዝኑታል፣ አመዱን ያቃጥሉታል፣ በብርጭቆ ውስጥ ጠብ ጠብ አድርገውበት ቀለሙ እስኪለወጥ ይጠብቃሉ። ምላስ “እንዴት ነው?” ለሚለው ይመልሳል፤ እሳት “ምን አለበት?” ለሚለው። እኔ ለፋፊ ነበርኩ። ውስጥ ተቀምጬ ፍርዱን እሰማና ደጅ ወጥቼ ወይ “ይጠጣ” ወይ “ይፍሰስ” እላለሁ። ለምግብ ከሆነ “ይበላ” ወይም “ይቀበር” ነው። ሌላ ቃል አልተሰጠኝም፤ የጎደለብኝም አይመስለኝም ነበር።

እነዚያን ቀማሾች አንድ ቀን ብታዩአቸው ደስ ባለኝ። እያንዳንዳቸው በየመጋረጃቸው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ እንዳይፈርድ። መብራቱ ቀይ ነው፤ ወርቅ የመሰለው ጠጅና ድፍርሱ ጠላ እዚያ ውስጥ መልካቸው አንድ ነው። የሠሪው ስም አይነገራቸውም። አንድ ጊዜ የቀማሾች አለቃ የእመት አጀቡሽ የገዛ እኅታቸው አዲስ ዓይነት ቅቤ አምጥተው ቀረበላቸው። “ይቀበር” አሉ። እኅትየው “ቅቤዬን ያስቀበረችው የእናቴ ልጅ ናት” እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ይኮሩበት ነበር።

ለአንድ ቅምሻ ሦስት ጽዋ ይቀርባል። ሁለቱ የታወቀው መጠጥ ነው፣ አንዱ አዲሱ። ጥያቄው “የቱ ይጣፍጣል?” አይደለም፤ “የተለየው የቱ ነው?” ነው። ለይቶ ያላወቀ ስለ ጣዕሙ አፉን አይከፍትም። ለይቶ ያወቀም ስለተለየው ብቻ ይናገራል። አጣጥመው ይተፉታል እንጂ አይውጡትም፤ የጠገበ ሆድ ምላስን ይደልላል ይባል ነበር። እመት አጀቡሽ በዚያ ቤት ሲያረጁ የአገሩ መጠጥ ሁሉ በአፋቸው አልፏል፤ አንዲት ጉንጭ ግን አልወረደችላቸውም።

ከተማውም ይጠብቃቸዋል። በሰፈራቸው ሽንኩርት አይጠበስም። ጉንፋን የያዘው ሰው ቀማሽ ሲያልፍ ካየ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቀማሽ አያለቅስም፤ እንባ ጨው ነው፣ በጉንጭ ወርዶ አፍ ይገባል። ዘመድ ሲሞትበት ከተማው አልቃሽ ይልክለታል። የእመት አጀቡሽ ወንድም በሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ ደረቱን እየደቃ አለቀሰላቸው። እሳቸው ዓይናቸው እንደደረቀ ቅምሻ ቤት ገብተው አይብ ሲለዩ ዋሉ። የተለየውንም አገኙት።

ሕዝቡ ይህን ሥርዓት ከመውደዱ የተነሳ ለሁሉ ነገር አደረገው። ሽማግሌ ሲላክ ሦስት ሆኖ ነው፣ ሁለቱ መንታ። በዚያ ከተማ መንታ ሆኖ ያረጀ ሰው ሥራ አይፈታም ነበር። ሹም ሲመረጥም ሦስት ሰዎች ከመጋረጃ ጀርባ ይናገራሉ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ንግግር ነው። የተለየውን ለይቶ ያወቀ ሰው ድምፅ ይሰጣል። እኔ እዚያ በኖርኩበት ዘመን ድምፅ የሰጠ ሰው አላየሁም፤ ሹሙም አልተለወጠ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ቀማሽ ከጽዋ ወደ ጽዋ ሲያልፍ በውሃ ይጉመጠመጣል። ውሃው ከኮረብታው ሥር ካለች ምንጭ ይቀዳል፣ ከቀማሽ በቀር ማንም አይነካውም። በቅምሻ ቤቱ በር ላይ ባለው ድንጋይ “ውሃ ጣዕም የለውም” ተብሎ ተቀርጿል። አዲስ ቀማሽ ሲገባ የመጀመሪያው ፈተና ያ ነው። ውሃውን ያጠጡትና “ምን ቀመስህ?” ይሉታል። “ምንም” ካለ ከቀንድ የተሠራ ማንኪያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥሉለታል። ሌላ ነገር ካለ ምላሱ የማይታመን ነውና ወደ ቤቱ ይሸኛል። ከገባ በኋላም ውሃው ጣዕም አለው ያለ እንደሆነ ማንኪያውን ያስረክባል።

ይህ ውሃ ዘመኑን ሁሉ በአንድ ጥቁር እንስራ ነበር የሚቀመጠው። ከዕለታት አንድ ቀን ምክር ቤቱ “እንዲህ ያሉ ሰዎች እንደ ተራ ሰው ከእንስራ ይጉመጠመጡ?” ብሎ የመዳብ ጋን አሠራላቸው። ሲወለወል ፊት ያሳያል። እንደ ሙሽራ በእልልታ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ አዋጁን የለፈፍኩት እኔ ነኝ። እንስራው ለዶሮ ማደሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ውሃው ማታ ማታ በጋኑ እየተሞላ፣ እዚያው አድሮ ጠዋት ይቀዳ ጀመር።

ያ ዓመት የይፍሰስ ዓመት ሆነ። የመጣው ሁሉ ወደቀ። አዲስ ዘይት መጣ፣ ይፍሰስ። አዲስ ዳቦ መጣ፣ ይቀበር። ሕዝቡ ደስ አለው። “ጋኑ ከመጣ ወዲህ ቀማሾቻችን እንዴት በረቱ” ተባለ። ሠሪዎቹ ግን ክፉ ሆነዋል ተብሎ ታመነ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸውም አመኑ።

ስንዱ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። ከሩቅ ሸለቆ የመጣች ደልደል ያለች ወጣት ሴት ናት። የሸለቆው ሰው መሬቱን በአጋም አጥር ነው የያዘው። ገደሉ እንዳይናድ፣ ከብት እንዳይገባ ያ እሾህ ነው የሚጠብቀው። ስንዱ ፍሬውን ከገብስ ብቅል ጋር አዋሕዳ የወይን ጠጅ መልክ ያለው መጠጥ ሠራች። ጎረቤቱ ሁሉ የየአጥሩን ፍሬ ለቅሞ ሰጣት። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሕጉን እያወቁ ነው። በዚያ አገር ሦስት ጊዜ የፈሰሰ መጠጥ ከሥሩ ይነቀላል፤ ሰው ዳግም እንዳይፈተንበት ተብሎ። ስንዱ ሦስቴ ከወደቀች የሸለቆው አጋም ይነቀላል፤ አጋሙ ከተነቀለ ክረምቱ መሬቱን ይዞት ይሄዳል።

“አባባ፣ ድምፅዎ ጥሩ ነው ይላሉ” አለችኝ በር ላይ በርሜሏን ስታወርድ።

“ይጠጣ ስል ነው የሚያምርብኝ።”

“ዘንድሮ ብለው ያውቃሉ?”

“ዘንድሮስ አላልኩም ልጄ።”

ገባ፣ ተቀመሰ። ቀማሾቹ አዲሱን ለዩት። መግቢያው ላይ አበባ አበባ እንደሚሸት፣ መካከሉ ላይ ደስ የሚል ጎምዛዛ እንደሆነ ተናገሩ፣ ሁሉም በየመጋረጃው አንድ ቃል። መጨረሻው ላይ ግን ሳንቲም ሳንቲም ይላል አሉ። ወጥቼ “ይፍሰስ” አልኩ።

“ምን አገኙበት?” አለችኝ።

“ሳንቲም ሳንቲም ይላል አሉ።”

ትንሽ አሰበች። “አባባ፣ እኛ ሸለቆ ሳንቲም ቢኖር ኖሮ አጋም እንለቅም ነበር?”

ሄደች፤ ብረት ድስቱን ጣለች፣ ሁሉን በሸክላ አድርጋ ተመለሰች። አሁንም ሳንቲም ሳንቲም ይላል ተባለ። ሁለተኛ ፈሰሰ። ያን ቀን ግን የእሳት ክፍሉ አለቃ አቶ ጓንጉል ብርጭቆአቸውን ይዘው ወጡ። ቅንድባቸውን እሳት የበላባቸው፣ ሲናገሩ የሚቸኩሉ፣ ሲለኩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። “ይህ መጠጥ ንጹሕ ነው። ከአጋምና ከገብስ በቀር ምንም የለበትም” አሉ።

ምላስና እሳት ሲጣሉ ሥርዓት አለው። ሁለቱ አለቆች እስኪስማሙ ድረስ ጨውም ቅቤም የሌለው ገንፎ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። የሚበሉት በለፋፊው ቤት ነው፤ ለፋፊ ወገን የለውም ይባላልና። ስለዚህ ወደ እኔ ቤት መጡ፣ ባለቤቴ አገነፋች።

“ጓንጉል፣ የአንተ ብርጭቆ ሳንቲም አያውቅም” አሉ እመት አጀቡሽ።

“የአንቺስ ምላስ ዕድሜው ስንት ሆነ?”

“ከአንተ ጥርስ ይበልጣል።”

“ጥርሴማ ካለቀ ቆየ።”

“ገንፎ የተፈረደብህ ለዚያ ነው።”

ሳቅን። ከዚያ አቶ ጓንጉል ማንኪያቸውን አስቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስሚኝ አጀቡሽ። ያን መጠጥ አፍልቼ አድርቄ አመዱን በሽቦ ጫፍ ይዤ እሳት ውስጥ አስገብቼዋለሁ። እንደምትይው የሳንቲም መዳብ ቢኖርበት እሳቱ አረንጓዴ ይሆን ነበር። አልሆነም። የዚያች ልጅ አገር ሊነቀል ነው፣ እኔ ደግሞ የሚነቀልበትን ምክንያት አጣሁት።”

እመት አጀቡሽ ከገንፎው ቆንጥረው ጎረሱ። ቆም አሉ። እንደገና ጎረሱ።

“ይሄ ገንፎ…” አሉ።

“ምን አለው?” አለች ባለቤቴ።

“ምንም የለውም።”

“ጨው አታግቢ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁ?”

“አልተቆጣሁም እቴ። ምንም የለውም ነው የምልሽ። ስንት ጊዜዬ፣ ምንም የሌለው ነገር ከቀመስኩ።” ማንኪያውን አገላብጠው አዩት። “ውሃውን ከየት ነው የቀዳሽው?”

“ከወንዝ ነዋ። ከየት ልቀዳው ኖሯል?”

አቶ ጓንጉል ቀና ብለው አዩዋቸው፤ የገባቸው ያኔ ነው። “አጀቡሽ” አሉ፣ “ያሰብሽውን ካልሽው ማንኪያሽን ነው የሚቀበሉሽ።”

“እስካሁን ምን አልኩ?”

“እኔ ውሃውን ልመርምረው ብል ምላስ ያልላከልኝን ማቃጠል አልችልም። ሕጉ ሕግ ነው።”

“አውቃለሁ” አሉ እመት አጀቡሽ፤ “ሕጉን ያረቀቀው አባቴ ነው።” ገንፎውንም ጨረሱት።

የሦስተኛው ቅምሻ ቀን ነቃዮቹ ዶማቸውን ይዘው በጠዋት በሩ ላይ ቆመው ነበር። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ስንዱን እግዜር ይስጥልን እያሉ የያዘችውን ቆሎ ይበሉላት ነበር። እሷ በርሜሏ አጠገብ ተቀምጣ ነጠላዋን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

ውስጥ ቀዩ መብራት በርቷል፤ ጽዋዎቹ ተደርድረዋል። ሕጉን የሚያነበው ሰው፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ማንንም ማስከፋት የማይወድ፣ እንደ ልማዱ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቅምሻው ሊጀመር ሲል ከእመት አጀቡሽ መጋረጃ እጅ ወጣ።

“ድንበሩ፣ ቅልህን አቀብለኝ።”

ለጉሮሮዬ የምይዛት የወንዝ ውሃ ያለባት ቅል ነበረችኝ። ሰጠኋቸው። ሲጉመጠመጡ ሰማሁ። ሲቀምሱ ሰማሁ። ከጋኑ የተቀዳውን ደግሞ ሲጉመጠመጡ ሰማሁ። ከዚያ ብዙ ቆይተው መጋረጃቸውን ገለጡ። በቅምሻ መካከል መጋረጃ ተገልጦ አያውቅም።

“ውሃችን ጣዕም አለው” አሉ።

ሕግ አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገ። “እመት፣ ምናልባት በደንብ አልሰማሁም።”

“ሰምተሃል።”

“አልሰማሁም ብል ይሻል ነበር።”

“ለማን?”

እሱም ሕጉን ገልጦ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ።

“ሳንቲም ሳንቲም ይላል” አሉ እመት አጀቡሽ። “የልጅቱ መጠጥ አይደለም። እኛው ነን አፋችንን በሳንቲም እያጠብን የሰው ነገር የምናፈሰው። አሁን ይህን ውሃ ወደ እሳት ክፍል ልኬዋለሁ። ልኬዋለሁ ብዬ ከጨረስኩ በኋላ ማንኪያዬን ውሰድ፤ በፊት አይደለም።” ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡት። የተንጠለጠለበት ክር አንገታቸው ላይ ነጭ መስመር ሠርቶ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው መጋረጃ ተገለጠ። ቀማሽ ደባልቄ ናቸው፣ ፂማቸው ደረታቸው ላይ የሚደርስ ግዙፍ ሰው። “እኔ ምላሴ የሞተ መስሎኝ ነበር” አሉ። “ቤት ስገባ በአመድ እፈትገዋለሁ። ሚስቴ የጥርስ ሕመም ነው ትላለች፤ እኔም እሺ እላለሁ።” ማንኪያቸውን አወለቁ። ሦስተኛው ተገለጠ፤ አንዲት ቀጭን ሴት ናት። “እኔ አሮጌውም መጠጥ እንደዚያው ይለኝ ነበር” አለች። “ሦስቱም ጽዋ። ግን ስለ አሮጌው ማን ጠየቀኝ?” ከዚያ መጋረጃው ሁሉ ተራ በተራ። ሁሉም ቀምሰውታል። ሁሉም የራሳቸው ምላስ ብቻ የተበላሸ መስሏቸው ዓመቱን በዝምታ ገፍተውታል። ሕግ አንባቢው የቀንድ ማንኪያ እንደ ማገዶ ታቅፎ ቆመ። በአንዲት ጠዋት ከተማይቱ ያለ ምላስ ቀረች።

አቶ ጓንጉል ውሃውን ተቀበሉ። ልባችን እየቸኮለ እሳቸው አልቸኮሉም። አፈሉት፣ አደረቁት፤ ብርጭቆው ግርጌ ላይ የቀረውን ቅርፊት በሽቦ ጫፍ አነሱ፣ ወደ አልኮል መብራቱ አስገቡት። ነቃዮቹም ዶማቸውን እንደያዙ ገብተው ከኋላ ቆመው ነበር። እሳቱ እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ሆነ። አቶ ጓንጉል ሽቦውን አውጥተው እንደገና አስገቡት፤ አሁንም አረንጓዴ።

“አጀቡሽ” አሉ፣ “ምላስሽ እሳቴን በዓመት ቀደመው።”

“የአንተ ባይኖርማ እብድ ነበር የምባለው” አሉ እሳቸው።

ያኔ አንድ ችግር ተነሳ። ሕግ አንባቢው እንዳለው መጠጡ አልፈሰሰም፣ አልተጠጣምም፤ የሚፈርድ ምላስ የለም። የነቃዮቹ አለቃ “እንንቀል ወይስ እንሂድ? ቁርጡን ንገሩን፣ መንገዱ ሩቅ ነው” አለ። ወደ አቶ ጓንጉል ዞሩ። “እኔ ያለበትን እነግራችኋለሁ። ጥሩ ነው ማለት የእኔ አይደለም፤ እሳት አይጥመውም” አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ቃል ብቻ ነበረኝ፤ ሁለቱም አልሆኑም።

ኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ልንገራችሁና ልለፍ። ጋኑ በክብር ስለመጣ በክብር ይውጣ ተባለ፤ በእልልታ ወረደ። እንስራው ከዶሮዎቹ ተወስዶ ታጠበ። ማንኪያዎቹ ለየባለቤታቸው ተመለሱ፤ እመት አጀቡሽ ግን ከእንግዲህ ይብቃኝ አሉ። ድንጋዩ ላይ ያለው ጽሑፍ አልተፋቀም፤ አዲስ ቀማሽ ሲገባ ግን “ምንም” ካለ እንደገና ቅመስ ይሉታል። የስንዱ ሸለቆ አጋም ዛሬም እንዳለ ነው፤ ባለፈው የበኩር ልጇ ከዚያው ፍሬ ይዞልኝ መጥቶ ነበር።

ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና አልሆነም። ሁላችንም በቆምንበት እመት አጀቡሽ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን አልፈው ወጡ። ስንዱ ቅምሻ ቤቱ ውስጥ የሆነውን አልሰማችም። ሰው ሁሉ ሲወጣ አይታ ተነሳች፤ ዶማዎቹን አየች፣ ፊቷ ጠቆረ። እመት አጀቡሽ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ ተራ ሴት ከገበያ ስትመለስ እንደምታርፍ።

“ልጄ፣ ጠምቶኛል” አሉ።

“እመት፣ እርስዎ ቀማሽ አይደሉም?”

“ነበርኩ።”

ስንዱ ወደ እኔ አየች። እኔ ራሴን ነቀነቅሁላት። ሕጉ እንዳይጣስ የሚጠብቀው ሕግ አንባቢ ማንኪያዎቹን እንደታቀፈ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልጅቱ ከበርሜሉ ቀዳች፤ ጥቂት መሬት ላይ ፈሰሰ። እመት አጀቡሽ ጽዋውን ተቀበሉ፣ እንደ ልማዳቸው አሸተቱ፣ ጎነጩ፣ አጣጣሙ። ከዚያ ጉሮሮአቸው ሲንቀሳቀስ አየን። ዋጡት። ጥቂት ተቀመጡ፣ መጠጡ የሚወርድበትን መንገድ እየተከታተሉት ይመስል። ከነቃዮቹ አንዱ ዶማውን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ደግመው ጎነጩ፣ ዋጡ። ሦስተኛውን ሲጎነጩ ቆም አሉ።

“ይሄኛው ጨው ጨው ይላል” አሉ።

ስንዱ ደነገጠች። “እመት፣ ጨው አላገባሁበትም። በእናቴ።”

“አላገባሽም” አሉ እመት አጀቡሽ፣ ጉንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። “ከእኔ ነው የወደቀው። ወንድሜ ነው። ቅጂልኝ ልጄ።”